ቀብር ያላገኘችው ጀግና፦ የ«አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ማሳረጊያ ለምን አሁንም ያከራክራል?

በብዙ ክፍል ተከታትሎ የሚወጣ ታሪክ ማሳረጊያው ላይ ሲደርስ ከቀደሙት ክፍሎች ሁሉ የተለየ ሸክም ይወድቅበታል፤ የቀደሙት ክፍሎች የጎደላቸውን ነገር «ይቀጥላል» ብለው ለሚቀጥለው ሊያሳድሩት ሲችሉ፣ የመጨረሻው ግን የሚያሳድርበት ቀን ስለሌለው ያልከፈለው ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይቀርበታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2019 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ይህን ሸክም ከተሸከሙት የዘመናችን ፊልሞች መካከል ትልቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊልሙ የልዕለ ጀግና፣ በተለምዶ «ሱፐርሂሮ» የሚባለው የፊልም ዘር ነው፤ ይኸውም ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይል የታደሉ ወይም በዕውቀታቸው እንዲህ ያለ ኃይል የሠሩ ሰዎች ዓለምን ከጥፋት ሲታደጉ የሚያሳይ ነው። ከዚያም በላይ በ2008 በ«አይረን ማን» የተጀመረው «የማርቭል ሲኒማዊ ዓለም» 22ኛ ፊልም ነው፤ በዚህ አሠራር የተለያዩ ፊልሞች ጀግኖች በአንድ ዓለም እንደሚኖሩ ይቆጠራል፣ በአንዱ ፊልም የተዘራው በሌላው ይታጨዳል። ይህ የ11 ዓመት አዝመራ በ181 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደርጎ፣ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ2.79 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ የምንጊዜም ከፍተኛ ገቢ ያገኘ ፊልም ለመሆን በቅቷል፤ ክብሩንም በ2021 «አቫታር» በቻይና ዳግም ታይቶ እስኪወስድበት ድረስ ይዞ ቆይቷል።

ዳይሬክተሮቹ ወንድማማቾች አንቶኒና ጆ ሩሶ ፊልሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለአድናቂዎች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ አይቶ የወጣ ሁሉ ያላየውን ሰው ደስታ እንዳያበላሽ ተማጽነው ነበር፤ ይህም የዝምታ ቃል ኪዳን በሜይ 6 ቀን እንደሚያበቃ ያሳወቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በይፋ የተከፈተው ክርክር ዓመታት አልፈውም አልተዘጋም። ከላይ ሲታይ ክርክሩ የሴራ፣ ማለትም ድርጊት ከድርጊት በምክንያትና በውጤት የሚያያዝበት ሥርዓት ጉዳይ ይመስላል፤ የጊዜ ጉዞው ሕግ እዚህ ጋ ተጣሰ፣ ይህች ኃያል ጀግና እዚያ ጋ የት ነበረች፣ ይባላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ጸንተው የቆዩት ሙግቶች ከስሌት ይልቅ ፍትሕን የሚመለከቱ ናቸው፤ ማን ተለቀሰለት፣ ማን በሰላም ቤቱ ገባ፣ ማንስ ተዘነጋ የሚሉ ናቸው። ፊልሙ ራሱን እንደ ዕዳ ከፋይ በመቁጠሩ በከፈለ ቁጥር ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨብጭቦለታል፤ የከፈለው መብዛቱ ግን ያልከፈለውን ይበልጥ አጉልቶበታል።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ2018 በወጣው «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» መጨረሻ ላይ፣ ታኖስ የተባለው ኃያል ስድስቱን የፍጥረት ኃይል የያዙ ድንጋዮች ሰብስቦ ጣቱን አንድ ጊዜ ሲያጮኽ፣ በዓለማት ሁሉ ካለው ሕያው ፍጥረት ግማሹ አመድ ሆኖ ይበናል። አድናቂዎች ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩት አቬንጀርስ የተባሉት ጀግኖች ታኖስን እንዴት እንደሚገጥሙትና እንደሚረቱት ነበር። «ኤንድጌም» ይህን ግምት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አፈረሰው፤ ጀግኖቹ ታኖስን በሩቅ እርሻው ቆስሎና ደክሞ ያገኙታል፣ ድንጋዮቹን አጥፍቷቸዋል፣ ቶር አንገቱን ይቆርጠዋል፣ የሚመለስ ነገር ግን አንድም የለም። ቀጥሎ በጥቁር መደብ ላይ አምስት ዓመት ማለፉን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። በቀል ሐዘንን እንደማይሽር በዚህ ያህል አጭር ቃል የተናገረ የዚህ ዘር ፊልም ማግኘት ያስቸግራል፤ የፊልሙ ነቃፊዎች እንኳ ይህን የመጀመሪያ ክፍል ብዙም አይነኩትም።

ከዚህ ክፍል አንዲት ትዕይንት ለብቻዋ መታየት ይገባታል። ስኮት ላንግ የተባለው ጀግና በኳንተም ዓለም፣ ማለትም ከአተም በታች ባለውና ጊዜ በሌላ መልክ በሚቆጠርበት ሥፍራ፣ አምስት ሰዓት ቆይቶ ሲወጣ በምድር ላይ አምስት ዓመት አልፎ ያገኘዋል። በሳን ፍራንሲስኮ ሰው አልባ ጎዳናዎች ሲጓዝ የጠፉት ሰዎች ስም ከተቀረጸባቸው የድንጋይ ሐውልቶች ዘንድ ይደርስና የልጁን ስም እየፈራ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን የራሱን ስም ነው። ልጁን በቤቷ ደጃፍ ሲያገኛት ትንሽ ልጅ ሳትሆን ጉርምስናን የጀመረች ወጣት ሆና በሩን ትከፍትለታለች። ሁለቱም ብዙ ሳይናገሩ ይተያያሉ፤ አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ከማንኛውም ንግግር በላይ የልጅቷ ቁመት ይናገራል። ተቺዎች በዚሁ ስፍራ የሚያነሡት ጥያቄ ስኮትን ከኳንተም ዓለም ያወጣው አንዲት አይጥ በአሮጌ መኪና ውስጥ ባለ መቆጣጠሪያ ላይ ስትራመድ ቁልፉን መንካቷ መሆኑ ነው፤ የፍጥረት ግማሽ ዕጣ በአይጥ እግር ላይ መውደቁ ለአንዳንዶች የጸሐፊ ስንፍና ነው። በቀደመው ፊልም ዶክተር ስትሬንጅ የተባለው ጀግና 14,000,605 ሊሆኑ የሚችሉ ወደፊቶችን ተመልክቶ ድል የሚገኝበት አንድ ብቻ መሆኑን ስለተናገረ ግን፣ ያቺ አንድ መንገድ እንዲህ ባለች ቀጭን አጋጣሚ ላይ ብትንጠለጠል ከተነገረው ጋር ይስማማል እንጂ አይጋጭም፤ ስለዚህ በዚህኛው ነጥብ ተከላካዮቹ የተሻለ ይረታሉ።

የፊልሙ መካከለኛ ክፍል ጀግኖቹ ወደ ኋላ ዘመናት ተጉዘው ድንጋዮቹን የሚሰበስቡበት ነው፤ ወደ 2012 ኒው ዮርክ፣ ወደ 2013 አስጋርድ፣ ወደ 2014 ሞራግና ቮርሚር፣ በኋላም ወደ 1970 ኒው ጀርሲ ይሄዳሉ። ይህ አካሄድ ከምልሰት፣ ማለትም ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈን ድርጊት ከሚያሳይበት ዘዴ ይለያል፤ በምልሰት የሚመለሰው ትረካው ሲሆን እዚህ የሚመለሱት ራሳቸው ገጸ ባሕርያቱ ናቸው፣ የሚገቡበትም ተመልካቹ ከዓመታት በፊት ያያቸው ፊልሞች ውስጥ ነው። ነቃፊዎች ይህን «ፋን ሰርቪስ» ይሉታል፤ አድናቂን ለማስደሰት ብቻ የገባ፣ ለታሪኩ የማያስፈልግ ማስታወሻ ማለታቸው ነው። ከፊል እውነት አለበት፤ የቀደሙትን ፊልሞች ላላየ ሰው ይህ ክፍል የማያውቃቸውን ሰዎች የሠርግ አልበም እንደማገላበጥ ነው። ነገር ግን ቶኒ ስታርክ፣ አይረን ማን የሚባለው፣ በ1970 አባቱን ሃዋርድን አግኝቶ፣ ማንነቱን ሳይገልጽ፣ ገና ስላልተወለደው ልጅ፣ ማለትም ስለ ራሱ፣ አባቱ ሲጨነቅ የሚሰማበት ውይይት ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከ2010ሩ «አይረን ማን 2» ጀምሮ በአባቱ ቅዝቃዜ ሲቆስል፣ በ2016ቱ «ሲቪል ዋር» የወላጆቹን አሟሟት ሲያውቅ ልቡ ሲሰበር የታየ ሰው፣ አሁን ራሱ የሴት ልጅ አባት ሆኖ አባቱን አቅፎ ያመሰግናል። ያለዚህ ዕርቅ በኋላ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥበት ውሳኔ ከጀግንነት ልማድ ያለፈ ትርጉም ባልኖረው ነበር።

ለረጅም ዕቅድ የሚገባውን ምስጋና ፊልሙ በትክክል የሚያገኘው በመጨረሻው ጦርነት ላይ ነው። ስቲቭ ሮጀርስ፣ ካፒቴን አሜሪካ የሚባለው፣ የሚገባው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም የማያነሣውን የቶርን መዶሻ ያነሣል። ይህ በ2015ቱ «ኤጅ ኦፍ አልትሮን» ውስጥ ሮጀርስ ለጨዋታ ሲሞክር መዶሻው ጥቂት ንቅንቅ ብሎ ቶር ፊቱ ሲለዋወጥ የተጣለ ንግር ነው፤ ንግር የሚባለው ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ በስውር የሚያመለክት ፍንጭ ነው። ከዚያም ሮጀርስ የተሰበረ ጋሻውን በክንዱ አጥብቆ ብቻውን በሠራዊት ፊት ሲቆም፣ በጆሮው ከጠፉት መካከል የተመለሰው የወዳጁ የሳም ዊልሰን ድምፅ ይሰማል፣ ከኋላውም የብርሃን በሮች ይከፈታሉ፤ በመጀመሪያው በር ከዋካንዳ ንጉሥ ትቻላ፣ ሹሪና ኦኮዬ ይወጣሉ። የአለን ሲልቬስትሪ ሙዚቃ ቀስ እያለ የሚያድግበት ይህ ትዕይንት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲኒማ ቤቶችን በጩኸት እንደሞላ የታወቀ ነው፤ ጩኸቱም ተገቢ ነበር።

የዚያው ጦርነት ድካም ግን ከጠላቱ በኩል ይመጣል። የ«ኢንፊኒቲ ዋር» ታኖስ የሚያስፈራው ለክፋቱ ዓላማ፣ ለዓላማው ደግሞ ሐዘን ስለነበረው ነው፤ የሚወዳትን ልጁን ጋሞራን በእንባ ገደል የሰደደ ነው። በ«ኤንድጌም» የሚዋጋው ግን ከ2014 የመጣ ሌላ ታኖስ ነው፤ ከእነዚህ ጀግኖች ጋር ገና ያልተገናኘ፣ ጋሞራን ያልሠዋ፣ ከልጁ ከኔቡላ በተወሰደ ትዝታ ብቻ የወደፊቱን የተረዳ፣ አሁን ደግሞ ፍጥረትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊሠራ የተነሣ ነው። ጀግናዋ ዋንዳ በጦር ሜዳው ተጋፍጣው ሁሉን ነገር እንደነጠቃት ስትነግረው እንኳ እንደማያውቃት ይመልስላታል። መልሱ ከእሱ አንጻር እውነት ነው፤ ችግሩም ይህ ነው። በደለኛው ሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሞቶ፣ ተበዳዮቹ በደሉን ራሱ ካልፈጸመ ሰው ላይ ደም ይመልሳሉ። በዚህ የሴራ ክፍተት ላይ የሚደረገው ክርክር ሊደረግ ከሚገባው በታች ነው፤ ብዙ አድናቂዎች ከእሱ ይልቅ ለምን ኃያሏ ጀግና ካፒቴን ማርቭል ቀድማ አልመጣችም በሚለው ቀላል ጥያቄ ይጠመዳሉ።

ከሁሉ የረዘመው የሕግ ሙግት የስቲቭ ሮጀርስን ፍጻሜ የሚመለከት ነው። ፊልሙ ራሱ ያወጣው ሕግ ግልጽ ነው፤ ወደ ኋላ የሄደ ሰው የሚለውጠው ነገር የመጣበትን ዘመን አይለውጠውም፣ ድንጋይ ከቦታው ከተወሰደ ግን ሌላ የጊዜ ቅርንጫፍ ይበቅላል፣ ስለዚህ ድንጋዮቹ በተወሰዱበት ቅጽበት መመለስ አለባቸው። ሮጀርስ ሊመልሳቸው ሄዶ በዚያው ይቀራል፤ የወጣትነት ፍቅሩን ፔጊ ካርተርን አግብቶ፣ ዕድሜውን ጨርሶ፣ በመሄጃው መድረክ ላይ ሳይሆን በሐይቅ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጦ ይገኛል። የኖረው በሌላ ቅርንጫፍ ነው ወይስ በዚሁ በሚታወቀው የጊዜ መስመር? ዳይሬክተሮቹ በሌላ ቅርንጫፍ ኖሮ ተመለሰ ሲሉ፣ የፊልሙ ጸሐፊዎች ክሪስቶፈር ማርከስና ስቲቨን ማክፊሊ ግን በዚሁ መስመር የፔጊ ባል ሆኖ እንደኖረ ያምናሉ። የአንድ ፊልም ፈጣሪዎች በራሳቸው ሥራ ፍጻሜ ላይ መለያየታቸው አድናቂን ሊያሳዝነው አይገባም፤ ክርክሩ ለተመልካች ክፍት መሆኑን ያረጋግጣልና።

ሙግቱ የሚከብደው ግን በፊዚክሱ አይደለም። ሮጀርስ በዚሁ መስመር ከኖረ፣ ወዳጁ ባኪ ሃይድራ በተባለው የጠላት ድርጅት እጅ እየተሰቃየ ነፍሰ ገዳይ ሲደረግ፣ የቶኒ ወላጆች በ1991 ሲገደሉ፣ ሃይድራ እሱ ያገለገለውን መሥሪያ ቤት ከውስጥ ሲበላው፣ እያወቀ ዝም ብሎ በቤቱ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰባት ፊልም ሙሉ ግፍን አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ሆኖ የተሳለ ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ሰዓት ይህን ተሸክሞ ሊኖር አይችልም። በሌላ ቅርንጫፍ ከኖረ ደግሞ ባኪን አድኖ፣ ግፉን ሁሉ አስቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ግን ከፔጊ ጋር ከሚጨፍርበት ክፍል በቀር ምንም አያሳይም። የዳይሬክተሮቹ አተረጓጎም የሰውየውን ባሕርይ ስለሚያድን ይመረጣል፤ የአብዛኞቹ አድናቂዎች ቅሬታም ከዚህ አንጻር ሲታይ የጊዜ ስሌት ሳይሆን «ስቲቭ እንዲህ አያደርግም» የሚል የዘመድ ቅሬታ ነው።

የዘመድ ቅሬታ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ግን በናታሻ ሮማኖፍ ላይ ነው። ብላክ ዊዶው የምትባለው ናታሻ ከ2010 ጀምሮ በታሪኩ ውስጥ ያለች፣ ከስድስቱ የመጀመሪያ አቬንጀርስ አንዷና ብቸኛዋ ሴት ናት። በአምስቱ የሐዘን ዓመታት ቡድኑን ያልበተነችው እሷ ነች፤ ሌሎቹ ሲሸሹ በባዶው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቆረሰ ሳንድዊች ከፊቷ አስቀምጣ ከሩቅ ዓለማት ዘገባ ስትቀበል፣ ንግግሩ ሲያልቅ ፊቷን ይዛ ስታለቅስ ትታያለች። ቮርሚር ላይ የነፍስ ድንጋይ የሚገኘው የሚወዱትን ሰው በመሠዋት ብቻ መሆኑ ሲነገራቸው፣ እሷና ባልደረባዋ ክሊንት ባርተን አንዱ ለሌላው ሊሞት ይታገላሉ፤ ተገፋፍተው ከገደሉ ሲንጠለጠሉ እጁን አስለቅቃ ትወድቃለች። ትዕይንቱ በራሱ ብርቱ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው፦ አምስቱ ወንዶች በሐይቅ ዳር ቆመው ጥቂት ይነጋገራሉ፣ ቤተሰብ አላት ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ሮጀርስ ቤተሰቧ እነሱ መሆናቸውን ይመልሳል፣ ባነር በንዴት አግዳሚ ወንበር አንሥቶ ወደ ሐይቁ ይወረውራል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ለቶኒ ስታርክ ግን ፊልሙ በአንድ ረጅም ቀረጻ የለቀስተኞችን ፊት በየተራ የሚያሳይ ሙሉ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሰጥቷል፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ብዙ ተመልካች ማንነቱን ሊያስታውስ ያልቻለው፣ በ2013ቱ «አይረን ማን 3» ቶኒን የረዳው ትንሽ ልጅ እንኳ ጎልምሶ ቆሞ ይታያል።

ጸሐፊዎቹ ቶኒ በዓለም የታወቀ የአደባባይ ሰው መሆኑን፣ ናታሻ ግን የምሥጢር ሰው ሆና መኖሯን እንደ ምክንያት አቅርበዋል። በቀብሩ ቀንም ክሊንትና ዋንዳ ስለ ድሉ ናታሻ ብታውቅ ብለው በአጭሩ ያነሷታል፤ ፍጹም አልተረሳችም። ያም ሆኖ የአድናቂዎቹን ቅሬታ ሊያበርድ የሚችል ምክንያት አይደለም፤ ይህን ለመረዳት የሚያግዘውም አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወይም አስከሬኑ ሲታጣ ዘመዶቹ ልብሱን ወይም ፎቶግራፉን ይዘው ተሰብስበው ያለቅሱለታል፤ ይህም «እርም ማውጣት» ይባላል። ልቅሶው የሚቀመጠው በዝናው መጠን ሳይሆን የቀረው ወገን ሐዘኑን በሥርዓት እንዲወጣለት ነው፤ እንዲያውም አስከሬን ለሌለው ሰው እርም ማውጣቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። የናታሻ አስከሬን ከቮርሚር ገደል ሥር ቀርቷል፣ የቶኒ ግን ከወዳጆቹ ጋር ነበር። ስለዚህ ምሥጢራዊ ሰው መሆኗ ልቅሶዋን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያስገድድ ነበር፤ የወንዶቹ የሐይቅ ዳር ንግግር እርም አላወጣም፣ የተመልካቹም እርም አብሮ ሳይወጣ ቀርቷል። ስቱዲዮው በ2021 «ብላክ ዊዶው»ን ሲያወጣ ከፊልሙ በኋላ በገባችው ትዕይንት እህቷ የሌና በመቃብር ድንጋይዋ ዘንድ ትታያለች፤ ከማሳረጊያው ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ላይ ሊታይ የሚገባው በጦርነቱ መካከል ሴት ጀግኖቹ ሁሉ በአንድ ምስል የሚሰለፉበት ቅጽበት ነው። ለብዙ ወጣት ሴት ተመልካቾች ኩራት የሰጠ ትዕይንት መሆኑ አይካድም። ሆኖም ስቱዲዮው ሴትን ብቻዋን የዋና ጀግና ሚና ያሸከመው ለመጀመሪያ ጊዜ በማርች 2019 በ«ካፒቴን ማርቭል»፣ ማለትም በ21ኛው ፊልሙ ነው፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ብቻዋን ቦታውን ይዛ የቆየችው ናታሻ የለችም፣ ቀደም ሲል ሞታለችና። ምስሉን የሚነቅፉ ሁሉ ሴቶቹን የሚጠሉ ተደርጎ መቆጠሩ ክርክሩን አበላሽቶታል፤ ከነቃፊዎቹ ብዙዎቹ የጎደለችውን የሚፈልጉ ናቸው።

ስለ ቶር የሚባለው ያነሰ ክብደት ያለው ይምሰል እንጂ ተመሳሳይ ነው። ታኖስን በጊዜው ባለመግደሉ ራሱን የሚወቅሰው ቶር በኒው አስጋርድ ተደብቆ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ቢራ እየጠጣና ፎርትናይት እየተጫወተ ይገኛል፤ ባነር የታኖስን ስም ሲጠራበት ደግሞ ፊቱ ተለውጦ ያንን ስም እንዳይደግመው ይለምነዋል። በዚያች ቅጽበት የታየው ጥልቅ የሐዘን ሕመም ነበር፤ ፊልሙ ግን ወዲያው በሆዱ ወደ ማሳቅ ይመለሳል። በ2013 አስጋርድ ከእናቱ ከፍሪጋ ጋር ተገናኝቶ መዶሻው ሲታዘዝለት የሚያለቅስበት ክፍል ሌላ ፊልም ሊሆን ይችል የነበረውን ያመለክታል።

በአብዛኛው የማያከራክረው የቶኒ ስታርክ ሞት ነው። ድንጋዮቹን በእጁ ከታኖስ ነጥቆ ጣቱን ሲያጮኽ የሚናገራት ስሙን የምትገልጽ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በ2008 የመጀመሪያውን ፊልም የዘጋችው ዓረፍተ ነገር ናት፤ በመጀመሪያው ቀረጻ አልነበረችም፣ በአርትዖት ላይ አርታዒው ጄፍ ፎርድ ሐሳቡን አቅርቦ እንደገና የተቀረጸች ነች። በቀብሩ ዕለት በሐይቁ ላይ የአበባ ጉንጉን ሲንሳፈፍ ከመካከሉ የሚታየው በደረቱ የነበረው ክብ መሣሪያ ነው፤ ቶኒ ስታርክ ልብ እንዳለው የሚመሰክር ጽሑፍ የተቀረጸበት፣ ሚስቱ ፔፐር ከ11 ዓመት በፊት በስጦታ የሰጠችው ነው። ትንሽ ዕቃ የአንድ ሰው ዕድሜ ሲሸከም እንዲህ ነው።

በጁላይ 2024 ስቱዲዮው ቶኒን ሆኖ የተወነው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ዶክተር ዱም የተባለ ሌላ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ በእነዚሁ በሩሶ ወንድማማቾች ዳይሬክተርነት እንደሚመለስ ሲያስታውቅ፣ የማሳረጊያው ክርክር በአዲስ መልክ ተቀጣጥሏል፤ ቶኒ አይመለስም የሚሉና የተዋናዩ ፊት መመለሱ ብቻ ልቅሶውን ያረክሰዋል የሚሉ ተፋጠዋል። ከ«ኤንድጌም» የመጨረሻ ስሞች ዝርዝር በኋላ፣ የዚህ ዘር ፊልሞች ዘወትር አዲስ ታሪክ በሚጠቁሙበት ቦታ፣ ምንም ምስል የለም፤ በጨለማው ውስጥ ብረት በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ብቻ ይሰማል፣ በ2008 ቶኒ በምርኮ ዋሻ ውስጥ የመጀመሪያ ጥሩሩን ሲሠራ የተሰማው ያው ድምፅ ነው፤ መቀጥቀጡ ጥቂት ጊዜ ተደጋግሞ ይቆማል።